«ያጥፉት» ሲባል ምኑን? የሶፍትዌር መመሪያ እንዴት ይታረማል

አንድ የሶፍትዌር መመሪያ ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ እንበል፦ «ፋይሉን ወደ አዲሱ ፎልደር ኮፒ ካደረጉ በኋላ ያጥፉት።» ሰዋስዉ እንከን አይወጣለትም። ፊደሉ አልተሳሳተም፣ አራት ነጥቡም ቦታው ላይ ነው። ግን ምኑን ነው የምናጠፋው? የመጀመሪያውን ፋይል? አዲሱን ኮፒ? ፎልደሩን? ወይስ ኮምፒውተሩን? ፋይል መሰረዝም ኮምፒውተር መዝጋትም በአማርኛ «ማጥፋት» ስለሚባሉ አራቱም ያስኬዳሉ። ጸሐፊው ያሰበው አንዱን ብቻ ነበር። አንባቢው ግን ያንን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እጁ ማውዙ ላይ ነው፤ የሆነ ነገር ማጥፋት አለበት።

ብዙ ሰው መመሪያ ማረም ሲባል የፊደል ግድፈት ለቀማ ይመስለዋል። ያም አለ፤ ቀላሉ ክፍል ነው። የፊደል ግድፈት ሰው ያናድድ ይሆናል እንጂ ፋይል አያስጠፋም። ዋናው ሥራ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ይዞ «ይህን ያነበበ ሰው ቀጥሎ ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከአንድ በላይ መልስ ከመጣ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ያ ዓረፍተ ነገር መታረም አለበት።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን ክፈቱ

ጎበዝ የቋንቋ ሰው መመሪያ ሲሰጠው ወዲያው ወደ ማሳመር ይገባል። ረጅሙን ያሳጥራል፣ የተንዛዛውን ይቆርጣል፣ የደረቀውን ያለሰልሳል። ፕሮግራሙን ግን አልከፈተውም። እኔ ከእንዲህ ዓይነቱ አራሚ ይልቅ ቋንቋው ሻካራ ሆኖ እያንዳንዱን እርምጃ በእጁ የሚሞክረውን እመርጣለሁ።

ምክንያቱን በምሳሌ እንየው። መመሪያው «ሰነዱ በየ10 ደቂቃው ሴቭ ይደረጋል» ይላል። ማነው ሴቭ የሚያደርገው? ፕሮግራሙ በራሱ ነው ወይስ ተጠቃሚው አድርግ እየተባለ ነው? «ይደረጋል»፣ «ይሞላል»፣ «ይላካል» የሚሉ ግሦች መግለጫም ትዕዛዝም ሆነው ያገለግላሉ። «ቅጹ ተሞልቶ ይላካል» ሲባል የምሞላው እኔ ነኝ ብሎ ማንም ይረዳል። «ሰነዱ ሴቭ ይደረጋል» ሲባልስ? መቶ ጊዜ ብታነቡት መልሱ እዚያ ውስጥ የለም። መልሱ ያለው ፕሮግራሙ ጋ ነው። ሰነድ ትከፍታላችሁ፣ ሁለት መስመር ትጽፋላችሁ፣ ሳትነኩት ቆይታችሁ ታያላችሁ። ከዚያ ወይ «ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው ሰነዱን በራሱ ሴቭ ያደርጋል» ብላችሁ ታርማላችሁ፣ ወይ «በየ10 ደቂቃው ሴቭ ያድርጉ፤ ፕሮግራሙ በራሱ አያደርግም» ትላላችሁ። በግምት ማረም ግን ከመተው ይብሳል። የድሮው ቢያንስ ያጠራጥር ነበር፤ አዲሱ አፉን ሞልቶ ያሳስታል።

ሁለተኛው የቋንቋ ሰው ፈተና ድግግሞሽ ነው። ድርሰት ስንማር አንድ ቃል አትደጋግሙ ተብለናል። መመሪያ ላይ ይህን ምክር እርሱት። አንደኛው አንቀጽ ላይ «ፎልደር»፣ ሁለተኛው ላይ «ማህደር»፣ ሦስተኛው ላይ «አቃፊ» ካላችሁ አንባቢው ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ ብሎ ስክሪኑን ሲበረብር ይውላል። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ዝለቁ። ይሰለቻል የሚል ካለ፣ መመሪያ ለመዝናኛ የሚያነብ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የተገላቢጦሹ ደግሞ አንድ ቃል ለሁለት ነገር ሲውል ነው። «መጫን»ን ውሰዱ። «በተኑን ይጫኑ» እንላለን፤ «ፕሮግራሙን ይጫኑ» ም እንላለን። አንዱ በጣት መንካት ነው፣ ሌላው ኢንስቶል ማድረግ። «አፑን ይጫኑ» የሚል መመሪያ የደረሰው ሰው ስልኩ ላይ ያለውን ምልክት ይንካ ወይስ አፑን ከኢንተርኔት ያውርድ? እኔ ብሆን አንዱን «ይንኩ»፣ ሌላውን «ኢንስቶል ያድርጉ» እላለሁ። የባዕድ ቃል በዛ የሚል ተቃውሞ መምጣቱ አይቀርም፤ የሚያከራክርም ነው። ለመመሪያ ግን ሁለት ትርጉም ካለው ንጹህ ቃል አንድ ትርጉም ያለው የተውሶ ቃል ይሻላል ባይ ነኝ።

ይህን ነገር ከማንም በላይ አጥብቀው የያዙት የአውሮፕላን ጥገና መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለእነሱ ሥራ የተዘጋጀ፣ ዛሬ ኤኤስዲ-ኤስቲኢ100 ተብሎ የሚታወቅ የአጻጻፍ ደንብ አለ። ደንቡ የተፈቀዱ ቃላት ዝርዝር አለው፤ መርሁም አንድ ቃል አንድ ትርጉም ነው። ይህን አድርግ፣ ያን ፍታ የሚል ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከ20 ቃል እንዳይበልጥ ይገድባል። የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ቢሆንም ሐሳቡ ቋንቋ አይመርጥም። ሞተር ሥር ሆኖ የሚያነብ ሰው «ምን ማለታቸው ይሆን?» እያለ እንዲያስብ አይፈለግም።

ስክሪኑ ላይ ያለውን እንዳለ

በተኑ ላይ «መዝግብ» ተብሎ ተጽፏል። መመሪያው «አስቀምጥ የሚለውን ይንኩ» ይላል። «አስቀምጥ» የተሻለ ቃል ሊሆን ይችላል። ምንም ለውጥ አያመጣም፤ መመሪያው «መዝግብ» ነው ማለት ያለበት። የበተኑ ጽሑፍ ራሱ የፊደል ስህተት ቢኖርበት እንኳ መመሪያው ላይ እንዳለ ይጻፋል። አንባቢው ዓይኑን እያንከራተተ የሚፈልገው ያንኑ ቅርጽ ነውና። ስህተቱ መጀመሪያ የሚታረመው ፕሮግራሙ ላይ ነው። ለዴቨሎፐሮቹ፣ ማለትም ለፕሮግራሙ ሠሪዎች፣ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ብሎ ማሳወቅ፣ እነሱ ሲያስተካክሉ መመሪያውን አብሮ መቀየር ነው። መመሪያውን ብቻ አሳምሮ መተው ሁለቱን ሆድና ጀርባ ማድረግ ነው።

አማርኛ ላይ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንባቢው መፈለጊያው ላይ «ሰርዝ» ብሎ ጽፎ መመሪያው «ሠርዝ» የሚል ከሆነ፣ ብዙ ፕሮግራም «አልተገኘም» ይለዋል። ገጹ ግን እዚያው አለ። ስለዚህ የትኛው ፊደል ትክክል ነው የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆይ። እዚህ የሚያስፈልገው አንዱን መርጦ ሰነዱን በሙሉ በእሱ ማስኬድ ነው። «አንተ» እና «እርስዎ»ም እንዲሁ። ገጽ 3 ላይ «ክፈት» ያለ መመሪያ ገጽ 4 ላይ «ይክፈቱ» ካለ አንባቢው ሌላ ሰው ያናገረው ይመስለዋል። በነገራችን ላይ ትልልቆቹ ድርጅቶች የአጻጻፍ መመሪያ የሚያወጡት ለዚሁ ነው። ጉግል ለዴቨሎፐሮች የሚጽፍበትን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ ማይክሮሶፍት በበኩሉ በ2018 የራሱን ኢንተርኔት ላይ አውጥቷል። ትልቁ ጥቅማቸው በእያንዳንዱ ቃል ላይ እንደ አዲስ መጨቃጨቅን ማስቀረታቸው ነው።

ማስጠንቀቂያ የት ይቀመጥ?

«ዳግም አስጀምር የሚለውን ይንኩ። ማሳሰቢያ፦ ይህ መሣሪያው ላይ ያለውን መረጃ በሙሉ ይሰርዛል።» ሁለቱም ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ሁለቱም ግልጽ ነው። ቅደም ተከተላቸው ግን አደጋ ነው። ሰው መመሪያ እንደ ጋዜጣ ጨርሶ አያነብም። አንድ መስመር ያነባል፣ ያደርጋል፣ ይመለሳል። ማሳሰቢያው ጋ ሲደርስ ፎቶዎቹ ሄደዋል። ማስጠንቀቂያ ከድርጊቱ በፊት ይምጣ፤ ምን እንደሚደርስም ይናገር። «ጥንቃቄ ያድርጉ» ብቻ ማለት ፍሬ የለውም። ከምን ነው የሚጠነቀቀው?

ደግሞ ብዛቱ። ገጹ ሁሉ «ማሳሰቢያ» ከሆነ አንባቢው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ስለዚህ አራሚ ማስጠንቀቂያ ይጨምራል ብቻ ሳይሆን ይቀንሳል። የማይጎዳውን ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር አውርዱት፤ መረጃ የሚያጠፋው ጎልቶ ይቅር።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ችግር «ይገባል» ነው። «አፕዴት ከማድረግዎ በፊት ባክአፕ ሊወስዱ ይገባል» ሲባል ግዴታ ነው ወይስ ምክር? ባልወስድ አፕዴቱ እምቢ ይለኛል ወይስ ዝም ብሎ ያልፋል? የኢንተርኔት ደንቦችን የሚጽፉ ሰዎች በዚህ ተቸግረው መፍትሔ አበጅተውለታል። እ.ኤ.አ. በ1997 ስኮት ብራድነር ያዘጋጁት አርኤፍሲ 2119 የሚባል አጭር ሰነድ እንደ «ይገባል» ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን በደረጃ ይለያል። አንደኛው ደረጃ ግዴታ ነው፤ ማምለጫ የለውም። ሁለተኛው ምክር ነው፤ በቂ ምክንያት ካለህና መዘዙን ከተረዳህ ልትተወው ትችላለህ። ሦስተኛው ምርጫ ነው። በ2017 ደግሞ አርኤፍሲ 8174 መጣና ቃላቱ ይህን ልዩ ትርጉም የሚይዙት በትልልቅ ፊደል ሲጻፉ ብቻ ነው አለ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ ዘዴ አይሠራልንም። የተለያዩ ቃላት መጠቀም ነው ያለብን፦ ለግዴታው «ግዴታ ነው»፣ ለምክሩ «እንመክራለን»፣ ለምርጫው «ከፈለጉ»። «ይገባል» ሲያጋጥማችሁ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ራሱ አያውቀውም። ያኔ ዴቨሎፐሩ ይጠየቃል።

ቁጥርም እንዲሁ ያደናግራል። «ፓስዎርዱ ከ8 ፊደል በላይ ይሁን» ማለት 8 ፊደል ይበቃል ወይስ 9 ያስፈልጋል? ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ፊደል አስገብታችሁ ሞክሩ፤ ስምንቱ ካለፈ «ቢያንስ 8» በሉ።

የስህተት መልእክት ሳይብራራ ሲቀር

የቃላት ጉዳይ እስከ የት እንደሚደርስ ለማየት ቴራክ-25 ጥሩ ማሳያ ነው፤ ታሪኩ ደስ ባይልም። ቴራክ-25 ካንሰርን በጨረር የሚያክም በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ 6 ሰዎች ከሚገባው እጅግ የበዛ ጨረር ደርሶባቸዋል፤ ከእነሱም የሞቱ አሉ። ዋናው ጥፋት የሶፍትዌሩና የማሽኑ አሠራር ነበር። ቀደም ባሉት ሞዴሎች ላይ የነበሩ የሃርድዌር መከላከያዎች ተነሥተው ጥንቃቄው በሶፍትዌር ላይ ተጥሎ ነበር። ከጥፋቱ ጎን ግን ቃልም አለ። ማሽኑ ቆሞ ስክሪኑ ላይ «ማልፈንክሽን 54» ይላል፣ ማለትም ብልሽት 54። ምን ማለት ነው? ለኦፕሬተሮች የተሰጠው መመሪያ እነዚህን ቁጥሮች አያብራራም ነበር። ማሽኑ በየጊዜው እንዲህ እያለ ስለሚቆም ኦፕሬተሮቹ ለምደውታል፤ «ቀጥል» የሚለውን አንድ ቁልፍ ነክተው ያልፉታል። ኋላ ሲጣራ ኮዱ የተሰጠው ጨረር ወይ በጣም በዝቷል ወይ በጣም አንሷል ማለት እንደሆነ ተነገረ። ይህ ማብራሪያ ራሱ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ቁጥር የጨፈለቀ ነው።

የእናንተ መመሪያ የሰው ሕይወት አይነካ ይሆናል። ጥያቄው ግን ያው ነው። የስህተት መልእክት በሚብራራበት ቦታ ሁሉ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ምን ተፈጠረ፣ ለምን፣ አሁን ምን ላድርግ። ሦስተኛው ነው ሁልጊዜ የሚጎድለው። «ስህተት 12፦ ግንኙነት አልተሳካም» የሚል ሰንጠረዥ መልእክቱን ደገመው እንጂ አላብራራውም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። «በቀላሉ»፣ «ዝም ብለው» የሚሉትን አውጧቸው፤ ያልተሳካለት ሰው ሲያነባቸው ሰነፍ የተባለ ይመስለዋል። «አዲሱ»፣ «በቅርቡ»፣ «አሁን» በሚሉት ምትክ የቨርዥን ቁጥር ጻፉ፤ የዛሬ አምስት ዓመት የሚያነበው ሰው «አዲሱ» የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ስክሪንሾቶቹንም ከፕሮግራሙ ጋር አስተያዩ።

የማይነካው

ተርሚናል (ለኮምፒውተሩ ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ የሚጻፉ ኮማንዶች፣ የፋይል አድራሻዎችና ኮድ የቋንቋ እርማት አይነካቸውም። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ደግሞ ሳይታወቅ ነው። መጻፊያ ፕሮግራሙ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት አጉብጦ ያሳምረዋል፤ ሁለት አጫጭር ሰረዞችን አንድ ረጅም ሰረዝ ያደርጋቸዋል። ለዓይን ያምራል። ኮማንዱ ግን ኮፒ ፔስት ሲደረግ አይሠራም፤ አንባቢውም ለምን እንደሆነ በጭራሽ አይገባውም። የእኛም አራት ነጥብ እዚህ ጥፋት ይሠራል። ኮማንዱ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ከዋለ «።» አብራው ትገለበጣለች። መፍትሔው ኮማንዱን ለብቻው በአንድ መስመር ማስቀመጥ ነው።

እርማቱን ማቅረብ

ብዙ ነጻ ሶፍትዌሮች (ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆነ) መመሪያቸውን ጊትን በመሰለ የፋይል ለውጥ መቆጣጠሪያ ነው የሚይዙት። ለውጥ ስታቀርቡ የፕሮጀክቱ ሰዎች የድሮውንና የአዲሱን ልዩነት ያያሉ። ይህ ልዩነት የሚታየው መስመር በመስመር ነው። አንድ ቃል ቀይራችሁ አንቀጹን በሙሉ እንደገና ብትደረድሩት አሥር መስመር የተቀየረ ይመስላል፤ ገምጋሚው ያቺን አንድ ቃል መርፌ እንደጠፋበት ሰው ይፈልጋታል። ቤል ላብስ በሚባለው የምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ብራያን ከርኒሃን እ.ኤ.አ. በ1974 ዩኒክስ ለሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጀማሪዎች ሲመክሩ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአዲስ መስመር ጀምሩ ብለው ነበር። ያኔ የታሰበው ማረም እንዲቀል ነው። ዛሬም የሚሠራ ምክር ነው፤ ልዩነቱ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይታያልና።

የፊደል ግድፈትና የትርጉም ለውጥ አንድ ላይ አትላኩ። ግድፈቱን ማንም በሁለት ደቂቃ ያጸድቀዋል። የትርጉም ለውጡን ግን ፕሮግራሙን የሚያውቅ ሰው መመርመር አለበት። ሲደባለቁ ሁለቱም ወር ይቀመጣሉ። ከትርጉም ለውጡ ጋር ምክንያቱን ጻፉ፦ በየትኛው ቨርዥን ሞከራችሁት፣ ምን አያችሁ፣ የድሮው አጻጻፍ ምን ሊያስደርግ ይችል ነበር። «እንዲህ ይሻላል» የሚል ምክንያት ውሃ አያነሳም። ለእናንተ የሚሻለው ለሌላው ላይሻል ይችላል፤ ያያችሁትን ብትናገሩ ግን የሚከራከራችሁ የለም።

ርዕስ ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። ብዙ የመመሪያ ድረ ገጾች የየክፍሉን ሊንክ የሚሠሩት ከርዕሱ ቃላት ነው። ርዕሱ ሲቀየር ሊንኩም ይቀየራል፤ ከሌላ ቦታ ወደዚያ የሚያመጡ ሊንኮች ክፍሉን አያገኙትም።

የመጨረሻው ነገር ተርጓሚዎች ናቸው። ብዙ ነጻ ሶፍትዌሮች ትርጉማቸውን ጌትቴክስት በሚባል ዘዴ ያስተዳድራሉ። እዚያ ላይ እያንዳንዱ የመነሻ ዓረፍተ ነገር ከትርጉሙ ጋር ተጣምሮ ይቀመጣል። መነሻው በአንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ከተቀየረ ትርጉሙ «ፈዚ»፣ ማለትም አጠራጣሪ፣ የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፤ ሰው አይቶ እስኪያረጋግጠው ብዙውን ጊዜ ከሥራ ውጭ ይሆናል። በዚያ መሐል ተጠቃሚው በራሱ ቋንቋ ያነብ የነበረውን መስመር በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። ሠላሳ ቋንቋ ያለው ፕሮጀክት ላይ አንዲት ሰረዝ ለሠላሳ ሰው ሥራ ትሰጣለች። ለዚህ ነው እንደ ጂኖም (በሊኑክስ ላይ የሚሠራ የዴስክቶፕ ሶፍትዌር) ያሉ ፕሮጀክቶች አዲስ ቨርዥን ከመውጣቱ በፊት የቃላት ለውጥ የሚያቆሙበት ቀን የሚቆርጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማሳመር ብቻ የሆነውን እርማት ለሚቀጥለው ቨርዥን አቆዩት። ፋይል የሚያስጠፋ ስህተት ካገኛችሁ ግን ቀኑ አልፏል ብላችሁ አትተዉት፤ ፈቃድ ጠይቁ፣ ለተርጓሚዎቹ ቀድማችሁ ንገሩና አስገቡት።